«እንኳን ደስ አላችሁ» ከሚለው ደብዳቤ በኋላ ስንት ይቀራል? የአሜሪካ ኮሌጅ ውሳኔ ለሚጠብቁ ተማሪዎች የንጽጽር መመሪያ

የአሜሪካ ኮሌጆች ውሳኔ የሚለቁት ለእነሱ ምሽት፣ ለእኛ ሌሊት ነው። ኤምአይቲ በልማድ ማርች 14 (መጋቢት 5) በእነሱ አቆጣጠር ምሽት 6፡28 ላይ ይለቃል። አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ28 መሆኑ ነው። አይቪ ሊግ የሚባሉት ስምንቱ ደግሞ በማርች መጨረሻ ላይ በአንድ ቀን ይለቃሉ። ብዙውን ጊዜ ለእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው። ያን ሌሊት ኔትወርክ ካልጠፋ ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚያ ሌሊት ብዙ ይወራል። እኔ ግን ማውራት የፈለግሁት ከእሱ በፊትና በኋላ ስላሉት ምርጫዎች ነው። ቤተሰቡ ሙሉ ወጪውን መሸፈን ለማይችል ልጅ «አለፍኩ» እና «እሄዳለሁ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመሃል ገንዘብ አለ። ስለዚህ እዚህ ያሉትን አማራጮች በሙሉ የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ኮሌጁ የሚሰጠውን ከሰጠ በኋላ በየዓመቱ ከእናንተ ኪስ ስንት ይፈለጋል? ለአራት ዓመትስ ትችሉታላችሁ?

የላካችሁበት ኮሌጅ የትኛው ዓይነት ነው?

ገና እየጠበቃችሁ ከሆነ የኮሌጆቻችሁን ዝርዝር አውጡና በዓይነት ለዩት። ይህን የማያደርግ ልጅ በመጋቢት መጨረሻ ብዙ ይደናገጣል።

የመጀመሪያዎቹ «ኒድ ብላይንድ» የሚባሉት ናቸው። ገንዘብ መጠየቃችሁ በቅበላው ውሳኔ ላይ አይቆጠርም፤ ካለፋችሁ ደግሞ የጎደለውን ይሞላሉ። ለውጭ አገር ተማሪ እንዲህ የሚያደርጉት በጣም ጥቂት ናቸው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትማውዝ፣ ቦውዶይን፣ በቅርቡ ደግሞ ብራውን ከእነሱ መካከል ናቸው። ለጋስ ናቸው፤ ግን እንደ ሃርቫርድና ኤምአይቲ ያሉት ከመቶ አመልካች አምስት እንኳ አይቀበሉም። ዝርዝራችሁ በእነዚህ ብቻ የተሞላ ከሆነ ሎተሪ ቆርጣችሁ ነው የምትጠብቁት።

ሁለተኛዎቹ «ኒድ አዌር» ናቸው። ስንት እንደምትፈልጉ ያያሉ፤ በውሳኔውም ላይ ይቆጥሩታል። አንዴ ከተቀበሏችሁ ግን ብዙዎቹ የጎደለውን በሙሉ ይሸፍናሉ። ግሪኔል፣ ማካሌስተር፣ ስዋርትሞርና ኮልቢ እዚህ ውስጥ ናቸው። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ስታንፎርድም ለውጭ አገር ተማሪ ኒድ አዌር ነው። ስለዚህ ከእነዚህ «አልተቀበልንህም» ሲመጣ ሁልጊዜ ስለ ውጤት አይደለም። ለውጭ ተማሪ የተመደበው በጀት ስላለቀ ብቻ የሚቀር ጎበዝ ልጅ አለ። ይህን ለእናት ለአባታችሁም ንገሯቸው። ካልነገራችኋቸው «ምን አጥፍተህ ነው?» መባል ይመጣል።

ሦስተኛዎቹ በውጤት ስኮላርሺፕ የሚሰጡ ናቸው፤ «ሜሪት» የሚባለው። የቤተሰብን ገቢ ሳያዩ የተወሰነ ዶላር ይቆርጡላችኋል። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉውን አለመሸፈኑ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በጠቅላላው ለውጭ ተማሪ በችግር ላይ የተመሠረተ እርዳታ አይሰጡም፤ ከሰጡም ሜሪት ነው።

ከእነዚህ ከየትኛውም ጋር የማይገጥም አንድ ኮሌጅ አለ፤ ኬንታኪ ያለው ቤሪያ። ከማንም ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም። ለተቀበላቸው የውጭ ተማሪዎች በሙሉ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ወጪ ይሸፍናል፤ በቀጣዮቹ ዓመታት በክረምት ሠርተው ትንሽ እንዲያዋጡ ይጠብቃል። ሁሉም ተማሪ ግቢው ውስጥ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራል። ስሙ እንደ አይቪዎቹ ጆሮ አይሞላም። በኪስ ሒሳብ ግን ብዙዎቹን ይበልጣል።

ሁለተኛ ዙር «ኧርሊ ዲሲዥን» የሚባለውም እዚህ ላይ ይነሳል። ማመልከቻው ጃንዋሪ መጀመሪያ (ታኅሣሥ መጨረሻ) ይገባል፣ መልሱ በፌብሩዋሪ አጋማሽ ይመጣል። ከተቀበሏችሁ የመሄድ ግዴታ ትገባላችሁ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ በጀቱ ገና ሳያልቅ ትደርሳላችሁ። ጉዳቱ ሌላ ደብዳቤ አጠገቡ አስቀምጦ ማወዳደር አለመቻሉ ነው። የሰጧችሁ ገንዘብ ካልበቃ ግን ከግዴታው ነፃ ታደርጉናላችሁ ወይ ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። የእኔ አስተያየት፣ የጎደለውን በሙሉ እሸፍናለሁ የሚል ኮሌጅ ከሆነ ከኪሱ የሚፈለግበት ብዙ ለማይሆን ልጅ ጥሩ ምርጫ ነው። ለሜሪት ኮሌጅ ግን አታድርጉት፤ ዋጋውን ሳታዩ መፈረም ማለት ነው።

እየጠበቃችሁ ፖርታላችሁን (ማመልከቻችሁን የምትከታተሉበትን የኮሌጁን ድረ ገጽ) በየሳምንቱ ክፈቱ። የጎደለ ወረቀት ሊኖር ይችላል፤ የአባት የደመወዝ ደብዳቤ፣ ነጋዴ ከሆኑ ግብር የከፈሉበት ማስረጃ፣ ትርጉም። ወረቀቱ ካልተሟላ የቅበላ ውሳኔው መጥቶ የገንዘቡ ሊዘገይ ይችላል።

ሁለት ደብዳቤ ይዛችሁ ስትቀመጡ

ዋናው ሥራ ይኼ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል ራሴ ያወጣኋቸው ናቸው።

ኮሌጅ ሀ የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 82,000 ዶላር ነው። 76,500 ሰጠ። ቀሪው 5,500 ነው፤ ከእሱ 2,500ው ግቢ ውስጥ ሠርታችሁ የምታገኙት፣ 3,000ው የቤተሰብ መዋጮ።

ኮሌጅ ለ ጠቅላላ ወጪው 46,000 ነው። «የፕሬዚዳንቱ ስኮላርሺፕ» ብሎ በየዓመቱ 30,000 ሰጠ። ቀሪው 16,000 ነው።

ቤት ውስጥ የሚሆነውን አውቀዋለሁ። ኮሌጅ ለ ርካሽ ይመስላል፣ ደብዳቤውም ያምራል፣ «ፕሬዚዳንት» የሚል ቃል አለበት። ሀ ደግሞ 82,000 የሚለው ቁጥር ራሱ ያስፈራል። አሁን ወደ አራት ዓመት አምጡት። የኮሌጅ ለ ስኮላርሺፕ ቋሚ ነው፤ 30,000 ብሎ ይቆማል። ክፍያው ግን በየዓመቱ ይጨምራል። 4 በመቶ ይጨምራል ብንል በአራተኛው ዓመት ወጪው ወደ 51,700 ይደርሳል፣ ቀሪው ደግሞ ወደ 21,700። የአራቱ ዓመት ድምር ከ75,000 ዶላር ይበልጣል። ሀ የጎደለውን እሸፍናለሁ ብሎ የገባ ኮሌጅ ከሆነ ክፍያው ሲጨምር እርዳታውም አብሮ ይሄዳል፤ የቤተሰባችሁ አቅም እስካልተለወጠ ድረስ ድምሩ በ22,000 አካባቢ ይቆያል።

እንዲህ ዓይነት ሒሳብ ስትሠሩ ደብዳቤው ላይ የማይጻፉ ወጪዎችን ጨምሩ። የጤና ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ ግዴታ ነው፤ በዓመት በሺዎች ዶላር ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ኮሌጅ ይከፍልላችኋል፣ አንዳንዱ አይከፍልም። የአውሮፕላን ትኬት፣ መጽሐፍ፣ ለብርዱ ወቅት የሚሆን ልብስ፣ ዶርም በሚዘጋበት በረፍት ጊዜ የምታድሩበት ቦታ አለ። «ፉል ቱሽን» እና «ፉል ራይድ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የትምህርት ክፍያን ብቻ ነው የሚሸፍነው። ዶርምና ምግብ ከ15,000 ዶላር በላይ የሚሆኑበት ኮሌጅ ብዙ ነው፤ እሱ በእናንተ ላይ ነው።

ታክስም አለ። ይህን የሚያነሳው ሰው ስለማይገኝ ረዘም ላድርገው። በኤፍ 1 (በተማሪ) ቪዛ ላለ ተማሪ ለትምህርት ክፍያ የሚውለው ስኮላርሺፕ ታክስ የለበትም። ለዶርምና ለምግብ የሚውለው ግን ታክስ ይቆረጥበታል፤ ልኩም 14 በመቶ ነው። አንዳንድ አገሮች ከአሜሪካ ጋር ባላቸው የታክስ ስምምነት ይህ ይቀርላቸዋል፤ ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ስምምነት የላትም። ለዶርምና ምግብ 18,000 ዶላር ተሰጣችሁ እንበል። 14 በመቶው 2,520 ዶላር ነው። አንዳንድ ኮሌጆች ይህን ራሳቸው ይችሉታል። ሌሎቹ በሂሳባችሁ ላይ ዕዳ አድርገው ይጽፉታል፤ «ሙሉ ነፃ ነው» ተብሎ የሄደ ልጅ በመጀመሪያው ሴሚስተር ደንግጦ ቤት የሚደውለው በዚህ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ኢሜይል ጻፉ፤ ለዶርምና ምግብ ከሚሰጠው እርዳታ ላይ የሚቆረጠውን ታክስ ማን ነው የሚከፍለው?

በዚያው ኢሜይል ሁለት ነገር ጨምራችሁ ጠይቁ። አንደኛ፣ እርዳታው እንዲቀጥል የሚያስፈልገው ውጤት ስንት ነው? 3.5 የሚል ሁኔታ ያለው ስኮላርሺፕ ከ2.0 ጋር በጣም ይለያል፤ በተለይ ኢንጂነሪንግ ለሚገባ። ሁለተኛ፣ ከተሰጠው ውስጥ ብድር አለ ወይ? ብድር በእርዳታ ስም ዝርዝር ውስጥ ተሰልፎ ሊመጣ ይችላል።

የግቢ ሥራውንም እንደ እጅ ገንዘብ አትቁጠሩት። ቪዛው ትምህርት በሚካሄድበት ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት፣ ያውም ግቢ ውስጥ ብቻ ይፈቅዳል። ደመወዙ በየሁለት ሳምንቱ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ክፍያ ግን የሚጠየቀው በኦገስት ነው፤ ገና ሥራ ሳትጀምሩ።

የቤተሰብ መዋጮ ደግሞ በብር ነው የሚታሰበው፤ ለኮሌጁ የሚከፈለው በዶላር። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። 3,000 ዶላር ቀድሞ 171,000 ብር ነበር። የአባት ደመወዝ ግን በእጥፍ አላደገም። የፋይናንሺያል ኤድ ቢሮዎች ይህን ስትነግሯቸው ይሰማሉ። ስለዚህ ይግባኝ ስትጽፉ ልመና አታብዙ። አጭር ደብዳቤ በቂ ነው፤ ፎርሙን ስንሞላ ምንዛሪው ይህን ያህል ነበር፣ አሁን ይህን ያህል ነው፣ የቤተሰቡ ገቢ በዶላር ሲሰላ ይህን ያህል ቀንሷል፣ ማስረጃው ተያይዟል፣ ልንከፍል የምንችለው ይህን ያህል ነው። ከሌላ ኮሌጅ የተሻለ ካገኛችሁ ያንንም ደብዳቤ አያይዙ። 16,000 የጎደለውን ይሞሉታል ብዬ ተስፋ አልሰጣችሁም። ሁለትና ሦስት ሺህ ሲጎድል ግን መጠየቅ በጣም ያዋጣል።

«አጎቴ ስፖንሰር ይሆነኛል»

ብዙ ቤት ውስጥ ቀሪው የሚሞላው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዳላስ ባለ ዘመድ ነው። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይምታታሉ። አንዱ ለአይ 20 (ኮሌጁ ለቪዛ ለሚሰጣችሁ ወረቀት) የባንክ ስቴትመንት መስጠት ነው። ሌላው በየሴሚስተሩ ገንዘብ ማውጣት። አጎት «እሺ» ሲል ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ማለቱ ነው። ቤተሰብ የሚሰማው ሁለተኛውን ነው። በይሉኝታ ማንም ደፍሮ አይጠይቅም። ከዚያ ኦገስት ይመጣል።

ስለዚህ እናንተ ራሳችሁ ደውሉና በቁጥር አውሩ። «ጋሼ፣ በሴሚስተር 3,000 ዶላር፣ ለስምንት ሴሚስተር ነው። ስንቱን ይችላሉ?» ይከብዳል፤ ግን ከሦስተኛ ሴሚስተር ላይ ከመቋረጥ ይቀላል። የግል ብድር ካነሳችሁ ደግሞ አብዛኛው አበዳሪ አሜሪካ የሚኖር ዋስ ይፈልጋል። እናንተ ካልከፈላችሁ ከእሱ ላይ ነው የሚጠየቀው፣ የሚበላሸውም የእሱ ክሬዲት ነው። ለዕለት ጉርሱ ኡበር የሚነዳን ሰው የ60,000 ዶላር ዕዳ ዋስ ሁን ማለት ተገቢ አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ጉድለት ካለ ያ ኮሌጅ ይቅር።

ዌይትሊስት

ባጭሩ፣ ገንዘብ ለሚፈልግ የውጭ ተማሪ ዌይትሊስት (ቦታ ከተገኘ እንጠራችኋለን የሚባልበት ዝርዝር) ደካማ ተስፋ ነው። ከዝርዝሩ መጥራት የሚጀምሩት ከሜይ 1 በኋላ ነው። ያን ጊዜ የእርዳታ በጀቱ በአብዛኛው አልቋል። ስማችሁን አስቀምጡ፣ አንድ ጥሩ ደብዳቤ ጻፉ፣ ከዚያ እንደሌለ ቁጠሩት። እጃችሁ ላይ ያለውን የተረጋገጠ ቦታ ለእሱ ብላችሁ አትልቀቁ።

አገር ቤት መጀመር ወይስ ዓመቱን መጠበቅ?

ሁሉም ከቀረ ሁለት መንገድ አለ። የአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መማር፣ ወይም ጋፕ ይር ወስዶ እንደገና ማመልከት።

የአገር ቤቱ ዋስትና ነው እንዳትሉ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተናው ራሱ ቀልድ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ያለፉት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ናቸው። ስለዚህ የአሜሪካ መልስ እየጠበቃችሁ ለማትሪክ ማጥናት ማቆም ዋጋ ያስከፍላል። ደግሞም የተቀበላችሁ የአሜሪካ ኮሌጅ የመጨረሻ ትራንስክሪፕታችሁን ያያል። ውጤት በጣም ከወረደ ቅበላውን መሰረዝ ይችላል።

አልፋችሁ ከተመደባችሁስ? ወጪው በኮስት ሼሪንግ ነው፤ ተምራችሁ ስትጨርሱ ትከፍሉታላችሁ። ለብዙ ሰው ይህ በቂና ጥሩ መንገድ ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለው። ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ የፍሬሽማን ኮርስ ከወሰዳችሁ በኋላ እንደገና ወደ አሜሪካ ስታመለክቱ ብዙ ኮሌጆች እንደ ትራንስፈር (ከሌላ ዩኒቨርሲቲ እንደሚዛወር) ተማሪ ይቆጥሯችኋል። ለውጭ አገር ትራንስፈር የሚሰጠው እርዳታ ደግሞ በጣም ጠባብ ነው። ደንቡ ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል። ከመመዝገባችሁ በፊት እንደገና ልታመለክቱባቸው ያሰባችኋቸውን ጠይቁ።

ጋፕ ይር የሚያዋጣው ማመልከቻችሁ ላይ የሚለወጥ ነገር ሲኖር ነው። የኤስኤቲ ውጤት፣ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ ይበልጥ የተስተካከለ የኮሌጅ ዝርዝር። ባለፈው ያመለከታችሁት ለስምንት ኒድ ብላይንድ ኮሌጅ ብቻ ከነበረ ዝርዝሩን መለወጥ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ያንኑ ማመልከቻ ያንኑ ቦታ መላክ ግን ዓመት ማቃጠል ነው። ዓመቱን ቤት ከመዋል አስጠኚ ሆናችሁ ሥሩ፤ የማመልከቻና የፈተና ክፍያውም ከዚያ ይወጣል። ብዙ ኮሌጆች የገንዘብ እርዳታ ለመወሰን የሚጠይቁት ፎርም፣ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል፣ ብቻውን ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 16 ዶላር ነው።

ከአሜሪካ ውጪ

እነዚህ መጠባበቂያ የሚባሉት አማራጮች የሚከፈቱትና የሚዘጉት እናንተ አሜሪካን በምትጠብቁበት ወቅት ነው። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻ በተለምዶ ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 20 (ከጥር 2 እስከ የካቲት 13) ነው። የሃንጋሪው «ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም» በጃንዋሪ አጋማሽ ይዘጋል። በመጋቢት መጨረሻ «አልተቀበልንህም» ሲመጣ ሁለቱም አልፈዋል።

ሁለቱን ሳወዳድር ለዲግሪ ተማሪ ቱርክን አስቀድማለሁ። የትምህርት ክፍያ፣ ዶርም፣ የወር አበል፣ የጤና ኢንሹራንስና ትኬት ይሸፍናል፤ ማመልከቻውም ነፃ ነው። ዋጋው አንድ ዓመት ቱርክኛ መማር ነው፤ ብዙ ጊዜም ትምህርቱ ራሱ በቱርክኛ ነው። ሃንጋሪ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ትምህርት በብዛት አላት። የወር አበሉ ግን 43,700 ፎሪንት፣ ወደ 110 ዩሮ ገደማ ነው። ቡዳፔስት ላይ ያ አይበቃም፤ ከቤት የሚላክ ወይም ሥራ ያስፈልጋል።

ጀርመን «ነፃ ነው» ይባላል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቹ በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ የላቸውም፤ ባደን ቩርተምበርግ የተባለው ክልል ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ ከመጡት በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይጠይቃል። ለቪዛ ደግሞ ለአንድ ዓመት መኖሪያ የሚሆን ገንዘብ በዝግ አካውንት ማሳየት አለባችሁ፤ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ 11,904 ዩሮ ነበር። ስለዚህ ጀርመን ገንዘብ በእጁ ላለ ቤተሰብ ርካሽ ነው፤ ገንዘብ ለሌለው ነፃ አይደለም። ጣሊያን በተቃራኒው ነው፤ የየክልሉ ስኮላርሺፕ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ጥሩ ነው። ግን የቤተሰብ ገቢና ንብረት ወረቀት ማስተርጎምና ማረጋገጥ ጊዜ ይበላል፤ ገንዘቡም ዘግይቶ ስለሚለቀቅ የመጀመሪያዎቹን ወራት በራሳችሁ መቆየት አለባችሁ።

አፍሪካ ውስጥ ጋና ያለው አሼሲ ዩኒቨርሲቲና ሩዋንዳ ያለው ኤኤልዩ (አፍሪካን ሊደርሺፕ ዩኒቨርሲቲ) አሉ። ሁለቱም በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ፤ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን በኩልም ሙሉ ስኮላርሺፕ ሰጥተዋል። «አሜሪካ ካልሆነ» እያሉ የሚንቋቸው ልጆች ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

እስከ ሜይ 1

ሜይ 1 (ሚያዝያ 23) አብዛኛው ኮሌጅ ዲፖዚት (ቦታ ማስያዣ ክፍያ) የሚጠይቅበት ቀን ነው። ዲፖዚቱ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። መክፈል ካልቻላችሁ እንዲቀርላችሁ ወይም ቆይቶ እንዲከፈል ጠይቁ፤ ሙሉ እርዳታ ለሰጡት ተማሪ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። ሁለት ቦታ ዲፖዚት አትክፈሉ።

ከዚያ በኋላ የሚመጡትን ወጪዎች አስቀድማችሁ ያዙ። ሴቪስ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪ መመዝገቢያ ክፍያ 350 ዶላር፣ የቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር ነው፤ ሌላ ክፍያ ተጨምሮ እንደሆነ በቀጠሮው ሰሞን የኤምባሲውን ገጽ እዩ። እነዚህን ስኮላርሺፕ አይሸፍናቸውም፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለሱም። ከጁላይ 2025 ወዲህ ደግሞ አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠው አብዛኛው የጉብኝትና የተማሪ ቪዛ ለሦስት ወር የሚያገለግል፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ሆኗል። ገብታችሁ መማር ትችላላችሁ። ለክረምት አገር ቤት ከመጣችሁ ግን ለመመለስ አዲስ ቪዛ ማውጣት ይጠበቅባችኋል። ይህም ማወዳደሪያ ነው፤ በክረምት ግቢ ውስጥ ሥራና ዶርም የሚሰጥ ኮሌጅ «በየዓመቱ ትኬት እከፍላለሁ» ከሚለው ሊሻላችሁ ይችላል።

«ስኮላርሺፕ አስገኛለሁ፣ ቅድሚያ ክፈሉ» የሚሉ የቴሌግራም ደላሎች በዚህ ወቅት ይበዛሉ። ኮሌጁ በራሱ ፖርታል ያልጻፈላችሁ ስኮላርሺፕ የለም። የፖርታሉን የይለፍ ቃልም ለማንም አትስጡ።

ምርጫችሁን ከጨረሳችሁ ለቀሩት ኮሌጆች በዚያው ሳምንት «አልመጣም» ብላችሁ መልሱ። ፖርታሉ ላይ አንድ ክሊክ ነው። እናንተ የለቀቃችሁት ገንዘብ ዌይትሊስት ላይ ላለ ሌላ ልጅ ሊደርስ ይችላል።